በር ስንል የትኛው በር? ጥቅልና ዝርዝር ቃላት በሐረር ታሪክ



ፊደል ቆጥራችኋል። ፊደልን ከፊደል አጋጥማችሁ ቃል ማንበብም ችላችኋል። ዛሬ አንድ እርምጃ ወደፊት እንራመድ። ያነበብነው ቃል ምን ያህል ሰፊ ነው? ምን ያህልስ ጠባብ ነው? ብለን እንጠይቅ። አንዳንዱ ቃል እንደ ጎተራ ነው፤ ብዙ ነገር ይይዛል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ቁና ነው፤ የሚይዘው ልክ የታወቀ ነው። ሰፊውን ቃል «ጥቅል ቃል» እንበለው። ጠባቡን «ዝርዝር ቃል» እንበለው።

ለምሳሌ «ከብት» ጥቅል ቃል ነው። በውስጡ ላም አለ፣ በሬ አለ፣ ጊደር አለ፣ ወይፈን አለ፣ ጥጃ አለ። እነዚህ ዝርዝር ቃላት ናቸው። አንድ ሰው «አንድ ከብት ሸጬለታለሁ» ብሎ ውል ቢጽፍስ? ገዢው የምትታለብ ላም ነው ብሎ ገመድ ይዞ ይመጣል። ሻጩ ደግሞ ጥጃ ጎትቶ ያወጣል። ውሉ ላይ የሰፈረው «ከብት» ነው፤ ጥጃም ከብት ነው። ሻጩ አልዋሸም፤ ገዢው ግን ተበላ። ጣቱን ቀለም ነክሮ ሲፈርም የኖረ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። የተጻፈውን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ የተጻፈው ቃል የቱን ያህል እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅልና ዝርዝር እንደ መሰላል ናቸው። «በሬ» ከላይ ካለው «ከብት» ጋር ሲተያይ ዝርዝር ነው። ከታች ካለው «ሰንጋ» ጋር ሲተያይ ግን ጥቅል ነው። የሰባው ሰንጋ ሁሉ በሬ ነው፤ በሬ ሁሉ ግን ሰንጋ አይደለም። መለያው ይኸው ነው፦ «ሁሉ» የምትለውን ቃል አስገብታችሁ ወዲህም ወዲያም ገልብጡት። በአንድ በኩል እውነት ሆኖ በሌላው በኩል ውሸት ከሆነ፣ አንዱ ጥቅል ሌላው ዝርዝር ነው። (ሰንጋ ፈረስም አለ የሚለኝ አድማጭ አይጠፋም። አለ፤ እሱን ግን ለዛሬ እንተወው።)

አሁን ወደ ሐረር እንግባ። የምንገባው በየትኛው በር ነው?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የሐረር አሮጌው ከተማ በግንብ የተከበበ ነው። ከጥንት የነበሩት በሮች አምስት ናቸው። አንድ ሰው «በሩ ጋ ጠብቀኝ» ብሎ ቢልክባችሁ አምስቱንም ስትዞሩ ትውላላችሁ። ስለዚህ በሐረር «በር» የሚለው ጥቅል ቃል ለብቻው አይሠራም፤ ዝርዝሩ የግድ ነው። በስተምዕራብ ያለውን ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል፤ በአማርኛ ሸዋ በር ነው። በስተሰሜን ያለው አሱም በሪ ነው፤ ብዙው ሰው ፈላና በር ይለዋል። በስተምሥራቅ፣ ወደ ኤረር በሚያወጣው በኩል አርጎብ በሪ አለ፤ እሱም ኤረር በር ይባላል። ሱቁጣት በሪ የተባለው ሰንጋ በር ነው። በደቡብ ያለው ደግሞ በድሪ በሪ ነው፤ በአማርኛ ቡዳ በር ይሉታል። ይህ የመጨረሻው ስም በአማርኛ ሰሚ ጆሮ ላይ ደስ የማይል ትርጉም አለው። እኔ በበኩሌ በድሪ በሪ ማለቱን እመርጣለሁ። በኋላ ዘመን ደግሞ መኪና የሚያስገባ ሰፊ በር ተከፍቷል፤ እሱም ሐረር በር ይባላል።

እንግዲህ አስተውሉ። በሪ ማለት በሐረሪ ቋንቋ በር ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ስለሆኑ ቃሉም ዘመዳም ነው። ጥቅሉ ቃል በሁለቱም ቋንቋ አንድ ሆኖ፣ ዝርዝሩ ግን ተለያየ። ለምን? ስም የሚያወጣው ሰው ከየት እንደሚመጣ፣ ወዴትስ እንደሚሄድ ስለሚለያይ ነው። ከሸዋ ለመጣ ሰው ያ በር ሸዋ በር ነው። እዚያው በሩ ሥር ተወልዶ ላደገው ግን አስማዲን በሪ ነው። ዝርዝር ቃል የተናጋሪውን አገር ይናገራል። ጥቅል ቃል ይህን አይናገርም።

የግንቡ ሰዎች ሌላም መውጫና መግቢያ አላቸው ስላችሁ አትሳቁ። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዶች አሉ። ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጅቡ ሌሊት ይገባል፣ የተጣለውን አጥንትና ጥራጊ ይለቅማል፣ ሊነጋ ሲል ይወጣል። በቀድሞ ዘመን ሲመሽ የከተማው በሮች ይዘጉ ነበር። ለሰው የተዘጋ ከተማ ለጅብ ክፍት ነበር ማለት ነው። «መግቢያ» ብንል ሁለቱንም ይይዛል። በሪ ስንል ግን የሰው ነው፤ ወራባ ኑዱል ስንል የጅብ ነው።

ግንቡ ራሱስ? አንድን ቦታ የሚከልል ነገር ሁሉ መከለያ ነው። ከእሾህና ከእንጨት ከሆነ አጥር እንለዋለን። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ ከተደረደረ ካብ ነው። ድንጋዩ በጭቃ ወይም በኖራ ከተያያዘ ግንብ ነው። የሐረር ግንብ ደግሞ የራሱ ስም አለው፦ ጀጎል። ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው።

ጀጎልን ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ አሠሩት ተብለው ስማቸው የሚጠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ዘመኑ 16ኛው መቶ ዘመን ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ግራኝ የተባሉት፣ በ1535 ዓ.ም. በጦርነት ሞቱ። ጦራቸው ተበተነ። አገሩ በሁሉም አቅጣጫ የጦርነትና የሕዝብ እንቅስቃሴ ዘመን ሆነ። አሚር ኑር የኢማሙን ባለቤት ባቲ ድል ወንበራን አግብተው ከተማውን ያዙ፤ በዙሪያውም ግንቡን አቆሙ። ከዚያ በኋላ ለ300 ዓመታት ያህል የሐረር ኑሮ በዚህ ግንብ ውስጥ ነበር።

ታዲያ ቃሉ ምን ሆነ? ጀጎል መጀመሪያ የግንቡ ስም ነው። ዛሬ ግን ሰው «ቤቴ ጀጎል ነው» ሲል፣ ቤቴ ከግንቡ ላይ ተለጥፏል ማለቱ አይደለም። በግንቡ ውስጥ ባለው ከተማ ነው ማለቱ ነው። የአጥሩ ስም የግቢው ስም ሆነ። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐረርን በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲያሰፍር የጻፈው «ሐረር ጀጎል» ብሎ ነው። «ሐረር» ብቻ ብሎ ቢተው ኖሮ ከግንቡ ውጭ የተሠራው አዲሱ ከተማም፣ ሰፊው የአስፋልት መንገድም አብሮ የተመዘገበ ይመስል ነበር። የተመዘገበው 82 መስጊዶችና 102 የአዋች መካን ያሉበት፣ መንገዱ ሁለት አህያ ተላልፎ የማያሳልፍ ጠባብ የሆነው አሮጌው ከተማ ነው። አዋች በሐረሪ ቋንቋ አባቶች ማለት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ሲባል የቅዱሳን አባቶች መቃብርና መታሰቢያ ቦታ ማለት ይሆናል። ይህም ራሱ ጥቅል ቃል ሲጠብ የሚያሳይ ነው።

ጥቅል ቃል ሲጠብ ከአልን አይቀር፣ ከሁሉ የሚገርመው የከተማው የራሱ ስም ነው። እኛ ሐረር እንላለን። የአገሩ ተወላጆች በቋንቋቸው ከተማቸውን የሚጠሩት «ጌ» ብለው ነው። ጌ ማለት ምንድን ነው? ከተማ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ራሳቸውን ጌ ኡሱእ ይላሉ፤ የከተማ ሰው ማለት ነው። ቋንቋቸውን ጌ ሲናን ይላሉ፤ የከተማ ቋንቋ ማለት ነው። ስንት ከተማ በዓለም ላይ እያለ እነሱ አንዱን ብቻ ከተማ አሉት። በአካባቢው ሌላ በግንብ የተከበበ፣ የራሱ ገበያ፣ የራሱ አሚርና የራሱ ገንዘብ ያለው ከተማ ስላልነበረ፣ ማነጻጸሪያ አላስፈለገም። በሰዋስው ትምህርት «የወል ስም» እና «የተጸውዖ ስም» የምንላቸው አሉ። ወንዝ የወል ስም ነው፤ ዋቢ ሸበሌ የተጸውዖ ስም ነው። ጌ የወል ስም ሆኖ ተወልዶ የተጸውዖ ስም ሆነ።

ከውጭ የሚመጣው ሰው ግን በሌላ ስም ጠራቸው። በአማርኛ ለረጅም ጊዜ አደሬ፣ ቋንቋውንም አደርኛ ሲባል ኖሯል። ባለቤቶቹ የመረጡት ሐረሪ የሚለውን ነው። ሰውን ራሱ በመረጠው ስም መጥራት ጨዋነት ነው። ከዚያም በላይ ለአንባቢ የሚጠቅም ነገር አለው፦ በድሮ መጽሐፍ ላይ «አደሬ» የሚል ብታገኙ፣ ሌላ ሕዝብ አይምሰላችሁ፤ ይኸው የጀጎሉ ሕዝብ ነው።

የእኛስ «ከተማ»? ዛሬ ሱቅና መንገድ ያለበትን ሁሉ ከተማ እንላለን። ድሮ ግን ከተማ የሚባለው ንጉሡ ወይም መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው የሚሰፍሩበት ቦታ ነበር። ጦር የሰፈረበት ኮረብታ ከተማ ነው። በዚህ በኩል ካየነው ሐረርን ሁለት ዓይነት ሰዎች በሁለት ዓይነት «ከተማ» አውቀዋታል። ለሐረሪው ከተማ የንግድና የትምህርት ቦታ ነው። በ1879 ዓ.ም. አሚር አብዱላሂ በጨለንቆ ጦርነት ተሸንፈው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ሲገባ፣ ለወታደሩ ከተማ የሰፈር ቦታ ነበር። ከዚያ በፊትም ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስ ግብጾች ይዘዋት ነበር። በጨለንቆ የፈሰሰው ደም በሐረሪ ቤቶች ውስጥ ይታሰባል ይባላል፤ ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር የሚለቀለቀው ለዚያ መታሰቢያ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ።

አንድ ቃል በሦስት ቋንቋ ሲዞር ደግሞ እንመልከት። በጀጎል መካከል ያለው አደባባይ ፈረስ መጋላ ይባላል። ሌላው ትልቅ ገበያ ጊድር መጋላ ነው። መጋላ በሐረሪ ገበያ ነው፤ ጊድር ትልቅ ነው። በኦሮምኛ መጋላ ሲባል ከተማ ማለት ነው። በሶማሌኛም መጋሎ ከተማ ነው። እስቲ አስቡት፦ ከገጠር በአህያ ጫት ወይም ማሽላ ጭኖ ለሚመጣው ሰው ከተማ ማለት ገበያ ነው። የሚመጣው ለሌላ ጉዳይ አይደለማ። ከተማው ውስጥ ለሚኖረው ግን ገበያው ከከተማው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሙሉው ለአንዱ፣ ክፍሉ ለሌላው፤ ቃሉ ግን አንድ።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። እንግዳ ሰው ይህን ስም ሲሰማ የመኪና መናኸሪያ ይመስለዋል። ሄዶ ሲያየው ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ተቀምጠው ይሰፋሉ። የሚያጉረመርመው የልብስ ስፌት መኪና ነው። «መኪና» ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ በጣልያንኛ በሥራ የሚንቀሳቀስ ማንኛውም መሣሪያ ነው። እኛ ዘንድ ሲመጣ የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና ተባለ፤ ወፍጮም መኪና ተብሏል። በመጨረሻ ግን አራት እግሩ ጎማ የሆነው አሸነፈና፣ ዛሬ «መኪና» ብቻ ሲባል እሱን ነው የምናስበው። ጥቅሉ ቃል ጠበበ። የመንገዱ ስም ግን የድሮውን ሰፊ ትርጉም ይዞ ቀረ። የቦታ ስም እንዲህ ነው፤ የሞተ ትርጉምን እንደ ጨው አድርጎ ያቆያል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ ባጭሩ ግን ይህን ያዙ። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ገንዘብ ያስመቱ ነበር፤ መሐለቅ ይባላል። «ብር» የምንለው ቃል ደግሞ መጀመሪያ የማዕድኑ ስም ነው፤ የብር አምባር፣ የብር መስቀል እንደምንለው። ቀጥሎ ከኦስትሪያ የመጣው፣ 1780 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ ብር ተባለ። ቀጥሎ የምኒልክ መልክ ያለበት ብር ተባለ። ዛሬ ወረቀቱም ብር ነው። እንግዲህ የአያታችሁ የመሬት ሽያጭ ወረቀት ከሳጥን ወጥቶ «በ40 ብር ተሸጠ» የሚል ብታገኙ፣ «አርባ ብር? አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም!» ብላችሁ አትጩኹ። የትኛው ብር? በየትኛው ዓመት? ብላችሁ ዓመተ ምሕረቱን ፈልጉ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። «ቤት» ጥቅል ቃል ነው። በጀጎል ውስጥ ያለው ባሕላዊ ቤት ጌ ጋር ይባላል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ገብታችሁ ስታዩት ወንበር የለም፤ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ። በአማርኛ ሁሉንም «መደብ» ብለን እንጨርሰዋለን። በሐረሪ ነደባ ይባላል፤ ነደባ ግን ጥቅሉ ነው። አሚር ነደባ አለ፤ አሚር ገዥ ነውና የቤቱ አባወራና የከበረ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው። ጊድር ነደባ አለ፤ ትልቁ መደብ ነው። ቲት ነደባ አለ፤ ትንሹ ነው። ሱትሪ ነደባ አለ፤ የተሰወረው፣ ገበናው ማለት ነው። ገብቲ ኤሐር ነደባ አለ፤ ከበር ኋላ ያለው ነው። አምስት በር ለከተማው፣ አምስት ነደባ ለቤቱ። በዚያ ቤት ያደገ ሕፃን እነዚህን አምስት ቃላት ሲማር፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ አብሮ ይማራል። ለእሱ «መደብ ላይ ተቀመጥ» ማለት ምንም አለመናገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። አንድ ሰው ነደባዎቹን አፍርሶ ወለሉን እኩል ቢያደርግ፣ ሶፋና አልጋ ቢያስገባበት፣ ቤቱ ቤት መሆኑን አይተውም። ጣራ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ ሰው ያድርበታል። ጌ ጋር መሆኑ ግን ያበቃል። ጥቅሉ ይተርፋል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። ወረቀት ላይ «አንድ ቤት ታደሰ» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት አይሆንም። «አንድ ጌ ጋር ታደሰ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ውሸት ነው። የቅርስ ነገር የሚወሰነው በዚህች በአንዲት ቃል ልዩነት ነው። በበኩሌ ሶፋ አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም፤ ዘመኑ ነው። የምለው ወረቀቱ በትክክለኛው ቃል ይጻፍ ነው።

ከቤት ወጥተን ደግሞ ወደ አገር እንሂድ። ሐረር፣ ሐረሪ፣ ሐረርጌ። ሦስቱ በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ አዲስ አንባቢ ቶሎ ብሎ ካለፋቸው ይምታቱበታል። ሐረር ከተማው ነው። ሐረሪ ሕዝቡና ቋንቋው ነው፤ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ደግሞ ከተማውንና ዙሪያውን የያዘው ክልል የሐረሪ ሕዝብ ክልል ተብሏል። ሐረርጌ ግን ሌላ ነው። በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላም ክፍለ ሀገር ተባለ። ድሬዳዋም፣ ጅጅጋም፣ ኦጋዴንም በእሱ ውስጥ ነበሩ። ሐረርጌ የሚለው ስም ራሱ ሐረር እና ጌ ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ትርጉሙ «ሐረር ከተማ» ማለት ነበር። የአንድ ከተማ ስም ሰፍቶ ሰፍቶ እስከ ሶማሊያ ጠረፍ የሚደርስ አገር ስም ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ሐረርጌ የሚለው ስም የቀረው በኦሮሚያ ክልል ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌ በተባሉት ዞኖች ነው። የምሥራቅ ሐረርጌ ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዓመታት የነበረው ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ ከተማው ግን የዞኑ አካል አልነበረም። ማመልከቻ ጽፎ አንዷን ፊደል የሳተ ሰው፣ አቤቱታው በአንዱ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲያድር እሱ በሌላው ደጃፍ ሲጠብቅ ይውላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ወደ ቡና። ቡና የማይጠጣ አድማጭ ካለ ይታገሠኝ።

«ቡና» እንደ ከብት ያለ ሰፊ ቃል ነው። ዛፉ ቡና ነው። ቀይ ሆኖ የተለቀመው እሸት ቡና ነው። ከነገለባው የደረቀው ጀንፈል ነው፤ እሱም ቡና ነው። ፍሬው ቡና ነው። ጀበና ውስጥ ያለው ቡና ነው። «ቡና ጠጡ» ብላ ልጅ ስትላክ ደግሞ ቡና ማለት ጎረቤት መሰብሰብ ነው፤ መጠጡ ምክንያት ነው። በሐረር በኩል ከቡናው ቅጠል የሚፈላውም መጠጥ አለ፤ ቁጢ ይባላል። ቁጢን ቡና ብሎ የሚጠራው የለም፤ ከአንድ ዛፍ ሆኖ ስሙ ተለየ።

ከቡና በታች «የሐረር ቡና» አለ። የሐረር ቡና ታዲያ ሐረር ከተማ ውስጥ አይበቅልም። ጀጎል ውስጥ የቡና ማሳ የለም። የሚበቅለው በሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ፣ በጨርጨር፣ በገለምሶ፣ በበደኖና በመሳሰለው አገር በትንንሽ ማሳ ነው። በፀሐይ ይደርቃል። በአህያና በግመል ተጭኖ ሐረር ገበያ ይመጣ ነበር። ነጋዴው የሚያየው ገበያውን ነው፤ ስለዚህ በገበያው ስም ጠራው። የውጭ አገር ነጋዴዎችም ሐረር ተቀምጠው ይገዙ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር የመጣው ቅኔ ሊዘርፍ አልነበረም፤ የአንድ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው።

ቡናው ባሕር ሲሻገር ሌላ ስም ጠበቀው። በየመን ጠረፍ ሞካ የምትባል ወደብ አለች። ከየመን ተራሮችም ከእኛም በኩል የሚሄደው ቡና በዚያ በኩል ያልፍ ስለነበር፣ የአውሮፓ ነጋዴ ሁሉንም ሞካ አለው። መጀመሪያ ሞካ የአንዲት ወደብ ስም ነው። ቀጥሎ በዚያ ወደብ የሚያልፍ ቡና ስም ሆነ። ቀጥሎ የማንኛውም ጥሩ ቡና ስም ሆነ። ዛሬ በየአገሩ ቡና ቤት «ሞካ» ብትሉ የሚቀርብላችሁ ቸኮላት የተጨመረበት መጠጥ ነው። የየመን ገበሬ ከዚህ ስም አምስት ሳንቲም አያገኝም። ዝርዝር ቃል ጥቅል ሲሆን ባለቤቱን ይጥላል።

ይህ ዕጣ የሐረርንም ስም ሊያገኘው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ጠየቀች። ነገሩን የያዘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በእነዚህ ስሞች ቡና የሚሸጥ የውጭ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ፈቃድ ይውሰድ፤ የስሙ ባለቤት ኢትዮጵያ ናትና ስሙ ያመጣው ዋጋ ለአምራቹም ይድረስ። የይርጋጨፌው ቶሎ አለፈ። ሐረርና ሲዳሞ ግን ተቃውሞ ገጠማቸው። የተቃወመው የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ነው። ምን ብሎ መሰላችሁ? እነዚህ ቃላት የቡና ዓይነት መጠሪያ ጥቅል ቃላት ሆነዋል፤ ጥቅል ቃል ደግሞ የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም ብሎ ነው። የምዝገባው መሥሪያ ቤትም በመጀመሪያ ጥያቄውን አልተቀበለም።

አያችሁ! ዛሬ ስናወራበት የዋልነው ነገር እዚያ ማዶ የሕግ ክርክር ሆነ። «ሐረር» እንደ «ከብት» ነው ወይስ እንደ «ሰንጋ»? ክርክሩ ይህ ነበር። ማንም ሰው «ዳቦ» የሚለውን ቃል በስሙ አስመዝግቦ ሌሎችን ዳቦ አትበሉ ማለት አይችልም። ይህ ትክክል ነው። ሐረር ግን ዳቦ አይደለም። ሐረር ግንብ አለው፣ በር አለው፣ ሰው ይኖርበታል። ከዚያ ገበያ ያልመጣ፣ ከዚያ ደጋ ያልተለቀመ ቡና ሐረር ሊባል አይችልም።

ሌላ መንገድ ተጠቁሞ ነበር፦ የመነሻ ቦታ የምስክር ወረቀት ይሁን፤ እያንዳንዱ ጆንያ ከየት እንደመጣ ይመርመር የሚል። የእኛ ሰዎች ይህ አይሆንም አሉ። ቡናው የሚለቀመው እጅግ ብዙ ከሆኑ ትንንሽ ማሳዎች ነው፤ ጆንያ በጆንያ ማን ተከታትሎ ይመሰክራል? ወጪውስ ተመልሶ በገበሬው ጫንቃ ላይ አይወድቅምን? በዚህ ላይ ስታርባክስ ከሚባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር ክርክሩ በአደባባይ ወጣ፤ በ1999 ዓ.ም. ጋዜጦች ጻፉበት፣ በውጭ አገር ያሉ የእርዳታ ድርጅቶችም ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኩባንያውና ኢትዮጵያ ተስማምተው ፈረሙ። ሐረርና ሲዳሞም በኋላ ተመዘገቡ። የተገኘው ፈቃድ ገበሬውን በአንድ ቀን ባለጠጋ አላደረገውም፤ እንዲህ ብል ማሳሳት ይሆንብኛል። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ይወጣል ይወርዳል። ስሙ ግን እንደ ሞካ ባለቤት አልባ ከመሆን ተርፏል።

ለሚቀጥለው ጊዜ እርሳስና ደብተር አዘጋጁ። በደብተራችሁ ራስጌ ላይ «እህል» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ በአካባቢያችሁ የሚበቅለውን ሁሉ በየስሙ አስፍሩ። ከዚያ አንዱን፣ ማሽላን ብትፈልጉ፣ ምረጡና ከሥሩ ያሉትን የማሽላ ዓይነቶች ሁሉ ጻፉ። ነጩም ቀዩም የየራሱ ስም አለው፤ ስሙን የማታውቁ ከሆነ አዝመራ ያሳደጉ ሽማግሌ ጠይቁ። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሌኛ ወይም በሌላ የምታውቁት ስም ካለ እሱንም በሰማችሁት ድምፅ ጻፉት፤ ፊደላችን ይበቃዋል። ደህና ሁኑ።